ኦቴከር፦ ጆሮ ቀስ እያለ የሚደርስበት ሙዚቃ

ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አሽከርክራችሁ ስትለቁት የሚያሰማውን ድምፅ አስታውሱ። መጀመሪያ ዘና ብሎ ይዞራል። ሊወድቅ ሲቃረብ ዙሩ እየጠበበ፣ ምቱ እየተጣደፈ ይሄድና በመጨረሻ እንደ ንብ ጥዝ ብሎ ድንገት ጸጥ ይላል። ኦቴከር የተባሉት ሁለት እንግሊዛውያን በ2001 ያወጡት «ኮንፊልድ» የተሰኘ አልበም የሚከፈተው ይህን በሚመስል ድምፅ ነው። አንድ የብረት ነገር የሚሽከረከር ይመስላል፤ በዙሪያው ጥቃቅን ኮሽታዎች ይንጠባጠባሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት ሦስተኛው ሥራ ላይ ሳልደርስ አጠፋሁት። እግሬን የማነቃንቅበት ምት አጣሁ፤ የማንጎራጉረው ዜማ አጣሁ፤ ሁለቱ ሰዎች ምን ሊነግሩኝ እንደፈለጉ ቀርቶ የሚነግሩኝ ነገር እንዳላቸውም አልታየኝም። ያንኑ አልበም ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ስሰማው አንጀት የሚበላ ዜማ ያለበት፣ ቦታ ቦታው ላይ የሚያስደስት፣ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከተቀረጸበት ጊዜ ጀምሮ አንዲት ድምፅ አልተጨመረችበትም፣ አንዲት ድምፅም አልተቀነሰችበትም። የተለወጠው የእኔ ጆሮ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም ለእንዲህ ዓይነቱም ነገር ይሠራል። ጆሯችን እኛ ሳናውቅ ብዙ ነገር ይማራል። እንዴት እንደሚማር ላስረዳ የምፈልገው በኦቴከር በኩል ነው፤ ምክንያቱም የእነርሱን ያህል ጆሮን እንደ አዲስ ፊደል የሚያስቆጥር ሙዚቃ አላጋጠመኝም።

ኦቴከር ማለት ሮብ ብራውንና ሾን ቡዝ ናቸው። በማንቸስተር አቅራቢያ ያለችው የሮችዴል ከተማ ልጆች ሲሆኑ የተገናኙት በ1987 ነው። ያኔ ግድግዳ ላይ የሚሥሉ፣ የሂፕ ሆፕና የኤሌክትሮ ሙዚቃ እየቀላቀሉ በካሴት የሚለዋወጡ ወጣቶች ነበሩ። የመጀመሪያ መሣሪያዎቻቸው ርካሽ ነበሩ፤ ማንኛውንም ድምፅ ለአፍታ ቀድታ በቁልፎቿ የምታጫውት ካስዮ ኤስኬ-1 የተባለች ትንሽ ኪቦርድ፣ ሮላንድ ቲአር-606 የተባለ የከበሮ ምት የሚያጫውት ድራም ማሽን። ስማቸውም ትርጉም ያለው ቃል አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት አስበው መርጠው የቀሩትን ጣታቸው እንዳረፈበት የጻፉት ነው።

ሥራቸውን ያሳተመላቸው በ1989 በሼፊልድ ከተማ የተመሠረተው ዋርፕ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ዋርፕ በ1992 «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚል የስብስብ አልበም አወጣ። ሽፋኑ ላይ አንድ ሮቦት ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ ሸክላ ያዳምጣል። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ በዳንስ ቤት ብቻ ይታወቅ የነበረውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተቀምጦ ማዳመጥም ይቻላል። ከተካተቱት መካከል ኦቴከር አሉበት። በቀጣዮቹ ዓመታት «ኢንኩናቡላ» (1993)፣ «አምበር» (1994)፣ «ትራይ ሪፔቴ» (1995)፣ «ኤልፒ5» (1998) እያሉ ሄዱ። ከአልበም አልበም ሙዚቃው እየረቀቀና እየሸሸ ሄዶ «ኮንፊልድ» ላይ ሲደርስ ብዙ የቀድሞ ወዳጆቻቸውም ተቸገሩ። እኔ ግን መንገዱን በስተመጨረሻው ነው የጀመርኩት፤ ለዚህም ነው እንደዚያ የደነገጥኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሁሉም ቁልፍ አንድ የእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ይገኛል ብል ማጋነን አይሆንም።

በ1994 የእንግሊዝ ፓርላማ የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ሥርዓት ሕግ አወጣ። ከዓላማዎቹ አንዱ ወጣቶች በገጠር ሜዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፍሩባቸውን ፈቃድ የሌላቸው ድግሶች መበተን ነበር። ለፖሊስ ሥልጣን ለመስጠት ግን ሙዚቃው ምን ዓይነት እንደሆነ በሕግ ቋንቋ መግለጽ አስፈለገ። ሕጉ «ሙዚቃ» ሲል ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ተደጋጋሚ ምቶች እየተከታተሉ የሚወጡበትን ድምፅ እንደሚጨምር ደነገገ። ምናልባት ምትና ድግግሞሽ የፖሊስ ጉዳይ ሆነው በሕግ መጽሐፍ የተጻፉበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

ኦቴከር ሕጉ ሊጸድቅ ሲል ሦስት ሥራዎች የያዘ «አንታይ» የተባለ ዲስክ አወጡ። ማሸጊያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሁለቱ ሥራዎች ተደጋጋሚ ምት ስላላቸው ሕጉ ከጸደቀ በእንዲህ ያለ ድግስ ላይ እንዳይጫወቱ ያስጠነቅቃል። ሦስተኛው፣ «ፍለተር»፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ምት ያላቸው ሁለት ዙሮች እንዳይገኙበት ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ መጫወት እንደሚቻል ይገልጻል፤ ፖሊስ ቢመጣ ሙዚቃው የማይደጋገም መሆኑን የሚመሰክሩ ጠበቃና የሙዚቃ ምሁር አብረው እንዲገኙም ይመክራል። ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ ለመብት ተሟጋቹ ድርጅት ለሊበርቲ ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ተቃውሞው ነው። ለእኔ ግን የሚበልጠው «ፍለተር»ን ሲያዳምጡት የሚሆነው ነው። ስለ ሕጉ ምንም ሳትነግሩት ለሰው አሰሙት። «ምቱ አይደጋገምም» ብሎ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ከላይ ያለው ዜማ እየተመላለሰ፣ ከበሮው ከሥር እየተንደረደረ ሲሄድ ሰው ራሱን መነቅነቁ አይቀርም። እያንዳንዱ ዙር የተለየ ሆኖ ሳለ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸው ይሰማል። ፍጥነቱ አንድ ነው፤ የከበሮው ድምፅ አንድ ነው፤ ከባዱ ምት ሊወድቅ የሚችልባቸው ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው። ማለትም ድግግሞሽ ጠፋ እንጂ ሥርዓት አልጠፋም። ጆሮ የያዘው ምቱን ሳይሆን ምቱን የሚያወጣውን ሕግ ነው።

ይህን ልዩነት የጨበጠ ሰው የኦቴከርን ነገር ግማሹን ጨበጠ። በአብዛኛው የምንሰማው ሙዚቃ ዜማውን ራሱን ይሰጠናል፤ ይደግመዋል፤ እናስታውሰዋለን፤ እናንጎራጉረዋለን። የኋለኛው ዘመን ኦቴከር ግን ሕጉን ብቻ ያሰማል፤ ዜማውና ምቱ ከሕጉ የሚወለዱ፣ ተመልሰው የማይመጡ ናቸው። ስለዚህ አዳማጭ የሚያስታውሰው ነገር ሲፈልግ ባዶ እጁን ይቀራል። የሚፈለገው ሌላ ዓይነት ትውስታ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ላስረዳ። በኮምፒውተር ሙዚቃ የመሥራት ታሪክ አንዱ ትልቅ ምዕራፍ የተከፈተው በ1957 ነው፤ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ማክስ ማቲውስ የጻፈው ፕሮግራም 17 ሰከንድ የሚፈጅ አጭር ሥራ አጫወተ። በ1980ዎቹ ሚለር ፓኬት የተባለ የሒሳብና የሙዚቃ ሰው በፓሪሱ ኢርካም የሙዚቃ ምርምር ማዕከል ሌላ ሶፍትዌር ሠርቶ በማቲውስ ስም «ማክስ» አለው። ማክስ ውስጥ የምትሠሩት ኖታ መጻፍ ሳይሆን ሣጥኖችን በመስመር ማገናኘት ነው። አንዱ ሣጥን ቁጥር ያወጣል፤ ሌላው ይቀበልና ያዘገያል፤ ሦስተኛው «ይህ ቁጥር ከዚህ ካለፈ ያንን ከበሮ ምታ» ይላል። አንድ ሰው ሣጥኖቹን ካገናኘ በኋላ መሣሪያው ራሱ ይጫወታል፤ ሙዚቀኛው ደግሞ እየሰማ ቁልፉን ያዞራል፣ ይገታል፣ ይለቃል። «ኮንፊልድ» በአብዛኛው የተወለደው ከእንዲህ ያለ ሙከራ ነው። ብዙ ሰው «እንግዲያው በዘፈቀደ የመጣ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስሕተት ነው። ሾን ቡዝ ደጋግሞ እንደሚያስረዳው እዚያ ውስጥ ያለው የተጻፈ ሕግ ነው፤ ዕጣ አይደለም። የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ይዞራል ማለት ሸክላው በራሱ ተሠራ ማለት አይደለም።

ወደ ጆሮ እንመለስ። አዲስ ሰው «ኮንፊልድ»ን ሲሰማ «ጫጫታ ነው» የሚለው ከልቡ ነው፤ ልክም ነው። በዚያች ሰዓት ለእርሱ ጫጫታ ነው። አልበርት ብሬግማን የተባለ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር በ1990 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እንዳብራራው ወደ ጆሯችን የሚደርሰው አንድ የተደባለቀ የአየር ርግብግቢት ብቻ ነው። ንግግሩን ከመኪናው፣ መኪናውን ከዝናቡ የሚለየው አእምሯችን ነው። በከፍታ የሚቀራረቡትን፣ አብረው የሚጀምሩትን፣ አብረው የሚያቆሙትን እየሰበሰበ «ይህ አንድ ምንጭ ነው፣ ያ ሌላ ነው» እያለ ወደ ጅረት ይከፍላቸዋል። ጊታርና ከበሮ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው፤ ዕድሜ ልካችንን የሰማናቸው ናቸው። ከዚህ በፊት በዓለም ላይ ያልነበረ ድምፅ ሲሆን ግን አእምሮ የሚይዝበት ልማድ የለውም። ሁሉም ተጣብቆ አንድ ጓል ይሆንበታል።

የእኔ ጆሮ መጀመሪያ የተማረው ይህንን መለየት ነው። ያ የሚሽከረከር ብረት፣ «ቪአይ ስኮዝ ፖይዝ» የሚባለው መክፈቻ፣ ለወራት አንድ ጓል ነበር። አንድ ማታ በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍቼ፣ ሌላ ሥራ ሳልይዝ ስሰማው ኮሽታዎቹ ከብረቱ ሽክርክሪት ተነጥለው ወደ ጎን ሲሄዱ ሰማኋቸው። ሁለት ነገር ሆኑ። ሁለት ከሆኑ በኋላ ደግሞ አንዱ ለሌላው መልስ እንደሚሰጥ ተሰማኝ። ቆየት ብሎ የሚገባው ለስላሳ ዜማ፣ ከዚያ በፊት ዐሥር ጊዜ ጆሮዬ ላይ አልፎ ያልሰማሁት ዜማ፣ ከመካከላቸው ብቅ አለ። ያንን ዜማ ማን እንዳስገባው እስክጠራጠር ድረስ ደነገጥኩ። ሁልጊዜም እዚያው ነበር።

መለየት ግን ገና ጅምር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሕጉን መልመድ ነው፤ እዚህ ላይ የሕፃናት ነገር ይረዳናል። የማታውቁትን ቋንቋ ስትሰሙ ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አትለዩም፤ ሁሉም አንድ ረጅም ድምፅ ነው። ሕፃናትም የሚጀምሩት ከዚያ ነው። በ1996 ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት ለስምንት ወር ሕፃናት ትርጉም የሌላቸው ቃላት ያለ ዕረፍት ተቀጣጥለው የሚነገሩበትን ቅጂ አሰሙ። ቅጂው የፈጀው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱ አዘውትረው የሚከታተሉትን ክፍለ ቃላት እምብዛም ከማይከታተሉት መለየት ችለው ተገኙ። ማንም አላስተማራቸውም፤ አእምሯቸው ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ ዝም ብሎ ይቆጥር ነበር። ተመራማሪዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በክፍለ ቃላት ምትክ የሙዚቃ ድምፆችን አድርገው ሲሞክሩት ሕፃናቱም አዋቂዎቹም ተማሩት።

ይህ ችሎታ ስናድግ አይጠፋም። ኦቴከርን ለሃያኛ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሕጉን በቃል ሊነግራችሁ አይችልም፤ እኔም አልችልም። ግን ከዚህ ዓይነት ጥርት ያለ ምት በኋላ ያ ወፍራም ድምፅ እንደሚከተል፣ ወይም አሁን እንደሚዘገይ ሰውነቱ ያውቃል። ሌናርድ ሜየር የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ምሁር ገና በ1956 እንዳስረዳው በሙዚቃ ውስጥ ስሜት የሚወለደው ከመጠበቅ ነው፤ የጠበቅነው ሲመጣ፣ ሲዘገይ፣ ወይም ሲያመልጠን። የማይጠብቅ አዳማጭ አይደሰትም፤ አይደነግጥምም። በ2011 በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቫሎሪ ሳሊምፑርና ባልደረቦቿ ሰዎች የሚወዱትን፣ ሰውነታቸውን የሚወርራቸውን ሙዚቃ ሲሰሙ አእምሯቸውን በምስል ተከታትለው ነበር። ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር የሚለቀቀው ስሜቱ ጫፍ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ጫፉ ሊመጣ ሲልም፣ በሌላ የአእምሮ ክፍል፣ መሆኑን አገኙ። መጠበቁ ራሱ ደስታ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ ቀን «ኮንፊልድ» ምንም ያልሰጠኝ ምንም ስላልጠበቅሁ ነው። የምጠብቅበት ነገር ገና አልነበረኝም።

አንድ ሥራ ላይ ጠጋ ብዬ ላሳይ። «ኤልፒ5» ላይ ያለው «ፎልድ ፎር፣ ራፕ ፋይቭ» ያለማቋረጥ የሚዘገይ ሙዚቃ ነው። ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ግን አይቆምም፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስትገምቱት በጀመረበት ፍጥነት ላይ ነው። አስማት ይመስላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምቱ ሲዘገይ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። በሰፋው ክፍተት ውስጥ ትናንሽ ምቶች ይገባሉ። መጀመሪያ ጌጥ ይመስላሉ። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጆሮ ሳያስታውቅ እነዚያን ትናንሾቹን ዋና ምት አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ፍጥነቱም ወደ መነሻው ይመለሳል። ከዚያ እንደገና መዘግየት። በተመሳሳይ መንገድ መውረዱ የማያልቅ ደረጃ የሚመስል ድምፅ ሮጀር ሼፐርድ በ1964 አሳይቶ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሙዚቀኛ ዣን ክሎድ ሪሴም ሐሳቡን ወደ ምት አምጥቶታል።

ይህን በንባብ ማወቅ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን የገባኝ ጣቴን ጠረጴዛ ላይ እየመታሁ ስከተለው ነው። ጣቴ ከሙዚቃው ጋር እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደ፤ አንድ ጊዜ ልብ ስል በእጥፍ ፍጥነት እየመታ ነው። መቼ እንደተለወጠ አላየሁትም። ደግሜ ያቺን ቅጽበት ልይዛት ሞከርኩ፤ አመለጠችኝ። ሦስተኛ ሞከርኩ። ያቺ መቀያየሪያ ቦታ በሙዚቃው ውስጥ የለችም፤ ያለችው በእኔ ውስጥ ነው። ሙዚቃው ወጥ በሆነ ፍጥነት ይዘገያል፤ የሚወስነው አዳማጩ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ኦቴከርን ቀዝቃዛ፣ ማሽን ብቻ ከሚሉት ሰዎች ጋር መስማማት አልቻልኩም። የአዳማጩን ሰውነት የዚህን ያህል አስቦ የሚሠራ ማሽን አላውቅም።

አንድ ጥያቄ አለ፤ በቅንነት መመለስ አለበት። «ደጋግመህ ስለሰማኸው ነው የወደድከው፤ ምንም ነገር ቢሆን ሰው ይለምዳል» የሚል። መሠረት የሌለው ጥያቄ አይደለም። ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1968 ያሳተመው ጥናት ትርጉም የማያውቋቸውን ቃላት፣ የቻይንኛ የሚመስሉ ምልክቶችና የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶግራፎች ደጋግመው ያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያዩትን ይበልጥ በጎ አድርገው እንደሚመዝኑ አሳይቷል። ምንም ሳይማሩ፣ ምንም ሳያስቡ፣ በማየት ብቻ። ከእኔም ፍቅር ከፊሉ ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ አልክድም።

ግን ሁለቱ መዋደዶች የሚለዩበት መንገድ አለ። መልመድ ብቻ ከሆነ ነገሩ ይለሰልሳል፤ አዲስ ነገር አያሳይም። መማር ከሆነ ግን ከሰማችሁ በኋላ ከዚህ በፊት ያልሰማችሁትን ነገር ጠቅሳችሁ ማሳየት ትችላላችሁ፤ «እዚህ ጋር ዜማው ይገባል፣ እዚህ ጋር ምቱ ይታጠፋል» ብላችሁ ጣት መጠቆም። ጓደኛዬን አጠገቤ አስቀምጬ በተጠቆመው ቦታ ላይ እርሱም ሲሰማው አይቻለሁ። የለመድኩትን ለሌላ ማሳየት አልችልም፤ የተማርኩትን እችላለሁ።

ስለ ድግግሞሽ የሙዚቃ ተመራማሪዋ ኤሊዛቤት ማርጉሊስ በ2013 ያሳተመችው ሥራም እዚህ ይነሳል። ሆን ብለው ድግግሞሽን የሚሸሹትን የሙዚቃ ደራሲዎቹን የሉቺያኖ ቤሪዮንና የኤልየት ካርተርን ሥራዎች ወስዳ የተወሰኑ ክፍሎቻቸውን ቆርጣ እየደገመች ቀጠለቻቸው። የሙዚቃ ሥልጠና የሌላቸው አድማጮች የተደጋገመውን ከዋናው ይልቅ ወደዱት፤ ይበልጥ ሰው የሠራው እንደሚመስልም ተናገሩ። ድግግሞሽ ለጆሮ «እዚህ ሰው አለ» የሚል ምልክት ነው ማለት ይቻላል። ኦቴከር ይህን ምልክት ከሙዚቃው ውስጥ ሲያወጡት አዳማጩ «ሰው የለበትም» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሙዚቃው የማይደግመውን እናንተ ድገሙት። አልበሙን እንደገና ማጫወት ራሱ ድግግሞሽ ነው። ለሃያኛ ጊዜ የሰማችሁት የማይደጋገም ሙዚቃ ለእናንተ ተደጋጋሚ ሆኗል።

እኔን ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን የሥነ ልቦና ጥናት አልነበረም፤ አንድ ሰው «ሂፕ ሆፕ ነው ብለህ ስማው» ያለኝ ነው። ሳቅሁበት። ከዚያ ግን ሞከርኩ። ሁለቱ የተነሡት ከኤሌክትሮና ከሂፕ ሆፕ መሆኑን አስታወስኩ፤ ማንትሮኒክስ የተባለውን የሂፕ ሆፕና የኤሌክትሮ ቡድን እየሰሙ ያደጉ ናቸው። እዚያ ሙዚቃ ውስጥ ምቱ የሚወድቀው ትንሽ ወደ ኋላ ጎተት ብሎ ነው፤ ዲጄው ሸክላውን በእጁ ሲያሸው ድምፁ ይለጠጣል፣ ይቆረጣል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ይዤ ወደ «ኮንፊልድ» ስመለስ ስብርባሪ የመሰሉኝ ምቶች አንገቴን ማነቃነቅ ጀመሩ። የተለጠጠው ድምፅ የሸክላው ማሸት ነው፤ የተሰበረው ከበሮ የዳንሰኛው ጉልበት ነው። በሩቅ ያለ፣ በጣም የተጣመመ፣ ግን ያው ሰፈር ነው።

ጀማሪ እንግዲህ እኔ በሄድኩበት መንገድ አይሂድ። «አምበር» ላይ ይጀምር፤ ዜማው ይሰማል፣ ምቱ ያዝ ይላል፣ ሰው የሚያርፍበት ቦታ አለው። ከዚያ «ትራይ ሪፔቴ»። የዚህ አልበም ሲዲ ያለ ሸክላው ሽርሽርታ (መርፌው ሸክላውን ሲፍቅ የሚሰማው ኮሽታ) ያልተሟላ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ይናገራል፤ ሸክላው ደግሞ ሽርሽርታው ስላለበት የተሟላ መሆኑን። ይህን ካነበባችሁ በኋላ የእነርሱ ሙዚቃ ከጥርት ያለ ድምፅ ይልቅ ከቆሻሻው ጋር ምን ያህል እንደሚወዳጅ ትሰማላችሁ። ቀጥሎ «ኤልፒ5»፣ ከዚያ «ኮንፊልድ»። ወይም ከኋላ መምጣት የሚፈልግ በ2020 የወጣውን «ሳይን» ይሞክር፤ ለዘመናቸው ለስላሳ ነው፣ ሐዘኑም ይታያል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ከኋላ አታጫውቱት። የለመዳችሁት ዘፈን ከኋላ ቢጫወት አእምሮ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል፤ ያልተማራችሁትን ግን ማንም አይሞላላችሁም። እነርሱም መድረክ ላይ ሲጫወቱ መብራቱን ያጠፉታል፤ ታዳሚው በጨለማ ይሰማል። የሚታይ ሙዚቀኛ፣ የሚታይ እጅ፣ የሚታይ ብርሃን የለም። ቤታችሁም ይህን ማድረግ ይቻላል። ደግሞም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ይበቃል። አሰልቺ ሆኖ ከተሰማችሁ አጥፉት፤ ራስን ማስገደድ ጆሮን ይዘጋል እንጂ አይከፍትም። በእኔ ልምድ ከሁለት ሦስት ሳምንት እረፍት በኋላ የተመለስኩበት ሥራ ብዙ ጊዜ ሳልጠጋው ራሱ ቀርቦ ነው የጠበቀኝ።

የማይወዱትም ይኖራሉ፤ መብታቸው ነው። ለሙዚቃው መታገስ የአዋቂነት ምልክት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ከሙዚቃ የሚፈልገው የሰው ድምፅና ቃል ነው፤ ኦቴከር ይህን አይሰጡም።

በሚያዝያ 2018 ለንደን በሚገኘው ኤንቲኤስ ሬዲዮ በአራት ክፍል የቀረበ፣ በጠቅላላው ስምንት ሰዓት የሚፈጅ አዲስ ሥራ አወጡ። የመጨረሻው ሥራ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ከበሮ የለውም፣ እንደ ደመና ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። እዚያ ለመድረስ ያለፉትን ሰዓታት ሁሉ መስማት ያስፈልጋል የሚል ሕግ የለም፤ እኔ ግን በቅደም ተከተል ሰምቼው የመጨረሻው ሲመጣ ሳላስበው እንባዬ መጣ።

«ኮንፊልድ» ላይ ስድስተኛው ሥራ፣ «ባይን»፣ እስካሁን አልተከፈተልኝም። የከበሮ ውሽንፍር ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አይመስልም። ባለፈው ሳምንት ማታ ግን ከመካከሉ አንዱን ቀጭን ምት ነጥዬ ያዝኩት፤ እየጠፋ እየተገኘ እስከ መጨረሻው ድረስ ተከተልኩት። ዛሬ ማታ ሁለተኛውን እፈልጋለሁ።